እኩል ዘለው እኩል ያልወጡት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ገጽ ስለ ሩጫ እንጂ ስለ ዝላይ ብዙ አይጠየቅም። በ2025ቱ የቶክዮ ዓለም ሻምፒዮና የኒውዚላንዱ ሃሚሽ ከር 2.36 ተሻግሮ ወርቁን ከወሰደ፣ የደቡብ ኮሪያው ዉ ሳንግ ህዮክም በ2.34 ብሩን ካጠለቀ ወዲህ ግን ከሐዋሳ ብቻ የደረሱን የወንዶች ከፍታ ዝላይ ጥያቄዎች ገጹን ሞሉት። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገናል። ከፍታው ሁሉ በሜትር ነው፤ ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር።

ጥያቄ፦ በፓሪስ ኦሎምፒክ፣ ታምራት ቶላ ማራቶኑን ባሸነፈበት ዕለት ማታ፣ የ5000 ሜትሩን ፍጻሜ እየጠበቅን ከፍታ ዝላዩን አየን። ሁለቱ እኩል 2.36 ዘለሉ፤ ከዚያ እንደገና ዘለሉና አሸናፊው ከ2.36 ያነሰ ዘሎ ወርቁን ወሰደ። በቶክዮ ኦሎምፒክ ደግሞ ሁለቱ ተቃቅፈው ወርቁን ተካፈሉ። ሕጉ ተቀይሮ ነው? እኛ ጠረጴዛ ላይ ክርክሩ እስካሁን አልበረደም። — ከፒያሳ ቡና ጠጪዎች

መልስ፦ ሕጉ ያው ነው፤ የተለየው የሰዎቹ ምርጫ ነው። መጀመሪያ ግን እኩል የተባሉት እንዴት እኩል እንደተባሉ ይታወቅ። በከፍታ ዝላይ ሁለት ሰዎች አንድ ከፍታ ስለተሻገሩ ብቻ እኩል አይወጡም፤ ዳኞቹ የውጤት ወረቀቱን ወደኋላ ያነቡታል።

አስቀድሞ የሚታየው፣ በተሻገሩት የመጨረሻ ከፍታ ላይ ማን ስንት ጊዜ ሳተ የሚለው ነው። እዚያ ላይ ካልተለያዩ ከውድድሩ መጀመሪያ እስከዚያ ከፍታ ድረስ ያሉት ስህተቶች ይደመራሉ። ከዚያ በላይ፣ ሊሻገሩት ባልቻሉት ከፍታ ላይ የከሸፉት ሙከራዎች ግን አይደመሩም። ካፌ ውስጥ ሰው የሚያጣላው አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው።

ሦስት ዘላዮች እንውሰድ፤ ሦስቱም 2.34 ተሻግረው 2.36 ላይ ቀርተዋል እንበል። «ሀ» 2.25ንና 2.28ን በመጀመሪያ ሙከራ አለፈ፣ 2.31ን በሦስተኛው፣ 2.34ን በሁለተኛው። «ለ» 2.25ን በሁለተኛው፣ 2.28ንና 2.31ን በመጀመሪያው፣ 2.34ን በሁለተኛው። «ሐ» እስከ 2.31 አንድም አልሳተም፤ 2.34ን ግን ያለፈው በሦስተኛው ነው። 2.34 ላይ «ሀ» እና «ለ» አንድ አንድ ጊዜ ስተዋል፤ «ሐ» ሁለት ጊዜ። ስለዚህ «ሐ» ከወዲሁ ሦስተኛ ሆነ። ጠቅላላ ስህተቱ ከ«ሀ» ያነሰ መሆኑ አያድነውም፤ ድምሩ የሚመጣው የመጨረሻው ከፍታ መለየት ሲያቅተው ብቻ ነው። አሁን የቀሩትን ሁለቱን ደምሩ፦ «ሀ» ሦስት ስህተት፣ «ለ» ሁለት። ወርቁ የ«ለ» ነው። ማንም ለመለያ አልዘለለም።

በዚህም ካልተለያዩ፣ ለአንደኛ ደረጃ ብቻ መለያ ዝላይ አለ። ከሁለተኛ በታች ያሉ እኩሎች እኩል እንደሆኑ ይቀራሉ። መለያ ዝላዩ የሚጀምረው ከተሻገሩት ቀጥሎ ካለው ከፍታ ነው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሙከራ ብቻ። ሁለቱም ከሳቱ አግዳሚው 2 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ሁለቱም ካለፉ 2 ሳንቲ ሜትር ይወጣል፣ አንዱ አልፎ አንዱ እስኪስት። ፓሪስ ላይ ከርና አሜሪካዊው ሼልቢ ማክኢዌን 2.38 ላይ ሁለቱም ሳቱ፣ 2.36 ላይም ሁለቱም ሳቱ፣ 2.34 ላይ ማክኢዌን ሲስት ከር አለፈ። 2.34ቱ እንደ እግር ኳስ መለያ ምት ነው፤ አሸናፊውን ይለያል እንጂ የጨዋታውን ውጤት አይለውጥም። የሁለቱም የተመዘገበ ውጤት 2.36 ነው። ነሐሱን በ2.34 የወሰደው የኳታሩ ሙታዝ ባርሺም ነበር።

ያው ባርሺም ነው በቶክዮ ኦሎምፒክ፣ በ2021፣ ከጣሊያናዊው ጂያንማርኮ ታምቤሪ ጋር ወርቁን የተካፈለው። ሁለቱም እስከ 2.37 አንድ ጊዜ እንኳ ሳይስቱ መጥተው 2.39 ላይ ሦስት ሦስት ጊዜ ሳቱ። ወረቀቱ ላይ የሚለያቸው ነገር አልነበረም። ዳኛው ስለ መለያ ዝላይ ሲነግራቸው ባርሺም ሁለት ወርቅ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ፤ ተወዳዳሪዎቹ ላለመቀጠል ከተስማሙ ሕጉ እኩል እንዲቀሩ ይፈቅዳል። የቤላሩሱ ማክሲም ኔዳሴካውም በዚያ ቀን 2.37 ተሻግሮ ነበር፤ የስህተቱ ቁጥር ከሁለቱ ስለበለጠ ነሐስ ደረሰው። ሦስት ሰዎች አንድ ከፍታ፣ ሁለት ዓይነት ሜዳልያ።

መለያ ዝላይ የሁለት ሰው ብቻ ጉዳይ ነው ብላችሁ ከተወራረዳችሁ ደግሞ ተሸንፋችኋል። በ2015ቱ የቤጂንግ ዓለም ሻምፒዮና ላይ ካናዳዊው ዴሪክ ድሮዊን፣ ዩክሬናዊው ቦህዳን ቦንዳሬንኮና ቻይናዊው ዣንግ ጉዎዌይ ሦስቱም 2.33 ላይ እኩል ቆመው ለመለያ ዘለሉ። ድሮዊን 2.34 አልፎ ወርቁን ሲወስድ የቀሩት ሁለቱ ብሩን ተካፈሉ።

ጥያቄ፦ አንዱ ዘላይ አንድ ጊዜ ከሳተ በኋላ እጁን አወዛውዞ ተወው፤ ቀጥሎ ከፍ ወዳለው ሄደ። ያነሰውን ያልቻለ እንዴት የበለጠውን ይችላል? — ከመናኸሪያ አካባቢ

መልስ፦ መቻል አለመቻል አይደለም፤ ሂሳብ ነው። ዘላይ የሚወጣው በተከታታይ ሦስት ጊዜ ሲስት ነው፤ ሦስቱ በአንድ ከፍታ ላይ ይሁኑ በተለያየ፣ ለውጥ የለውም። 2.34 ላይ አንድ ጊዜ ስቶ የተወ ሰው ወደ 2.36 የሚሄደው ሁለት ሙከራ ይዞ ነው። ተቀናቃኙ 2.34ን በመጀመሪያ ሙከራ አልፎ ከሆነ፣ እሱ በሁለተኛው ቢያልፈውም ከኋላ ነው። ታዲያ እዚያ ጉልበት ከሚጨርስ 2.36 ላይ ቢሞክር፣ ካለፈ በአንድ ዝላይ ከፊት ይሆናል። ካላለፈ ውጤቱ ከ2.34 በፊት የተሻገረው ነው፤ ወደ ተወው ከፍታ መመለስ አይቻልም። በወረቀቱ ላይ ያለፈው ክብ፣ የሳተው ኤክስ፣ የተወው ሰረዝ ተብሎ ይሞላል።

ሌላም ምክንያት አለ። ጥሩ ዘላይ በአንድ ፍጻሜ ላይ በሙሉ ኃይሉ የሚዘለው ስምንት ወይም ዘጠኝ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ መነሻ እግሩ እሺ አይለውም። ስለዚህ ትልልቆቹ ዝቅተኛዎቹን ከፍታዎች ሲተዉ ትዕቢት አይምሰላችሁ።

ጥያቄ፦ አግዳሚው ተነክቶ፣ ተወዛውዞ፣ ሳይወድቅ ቀረና ነጭ ባንዲራ ተነሳ። ሌላው ደግሞ ምንም ሳይነካ ቀይ ተነሳበት። አልገባኝም። — ከታቦር

መልስ፦ መንካት ስህተት አይደለም፤ በእርስዎ ምክንያት መውደቅ ነው ስህተት። አግዳሚው ከፋይበር ግላስ የተሠራ 4 ሜትር የሚደርስ ዘንግ ነው፤ ክብደቱ ከ2 ኪሎ አይበልጥም። መሐሉ ክብ ነው፣ ሁለቱ ጫፎቹ ግን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ጠፍጣፋ ገጽ ያልቃሉ። ጫፎቹ የሚቀመጡት በቋሚዎቹ ላይ ባለች፣ 4 ሳንቲ ሜትር ወርድና 6 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባላት ትንሽ ጠፍጣፋ መቀመጫ ላይ ነው። የሚይዘው ነገር የለም። በጫፉና በቋሚው መካከል ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት አለ፤ ላስቲክ መለጠፍ ክልክል ነው። ስለዚህ ከላይ ወደታች የተጫነ ንክኪ አግዳሚውን መሐሉ ላይ ያረግደዋል፤ ጫፎቹ ከመቀመጫው ካልነቀሉ ተወዛውዞ ይቆማል። ከፊት ወደኋላ የገፋው ንክኪ ግን ትንሽም ቢሆን ያንሸራትተዋል። ተረከዝ እንዲያው ቸብ አድርጎት ሲወድቅ ጀርባ በሙሉ ተደግፎት የሚተርፈው በዚህ ነው። ዳኛው ውዝዋዜው እስኪቆም ይጠብቃል።

ሳይነኩ የሚመጣው ቀይ ባንዲራ ሦስት መነሻ አለው። አንደኛ፣ በሁለት እግር መነሳት፤ ሕጉ በአንድ እግር ይላል። ሁለተኛ፣ ሰዓት ማለቅ። ሦስተኛ፣ ዘላዩ ተንደርድሮ ሳይሻገር ሲቀር ከአግዳሚው ፊት ጠርዝ ወዲያ ያለውን መሬት ወይም ፍራሽ መንካት። ለዚህ ሲባል በቋሚዎቹ መካከልና ከእነሱ ግራና ቀኝ 3 ሜትር ድረስ ነጭ መስመር ይሰመራል። አንባቢያችን ያዩት ምናልባት ይሄን ነው፤ ሩጫውን አቋርጦ በአግዳሚው ስር ወደ ፍራሹ የገባ ዘላይ ሙከራውን ጨርሷል።

ነፋስ ከጣለውስ? ዘላዩ ሳይነካ ከተሻገረ በኋላ ከወደቀ አልፏል። በሌላ ሁኔታ ከወደቀ አዲስ ሙከራ ይሰጠዋል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ በሚነሳበት ሜዳ ውድድር የምትመሩ ዳኞች ይቺን ሕግ ያዟት።

ጥያቄ፦ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ 1.45 በመቀስ ዝላይ፣ እግራቸውን ተራ በተራ እያሻገሩ፣ ያልፋሉ። በጀርባ ሲሞክሩ ግን ያንኑ ይዘውት ይወርዳሉ። መንደርደሪያውን በምን ልለካላቸው? — ከሐዋሳ

መልስ፦ ጥያቄዎ ራሱ መልሱን ይዟል፤ ጥፋቱ ከአግዳሚው በላይ ሳይሆን ከመንደርደሪያው ነው። በአየር ላይ የሚታየው መተጣጠፍ ሁሉ እግሩ መሬት ሲለቅ ተወስኗል።

በግራ እግሩ የሚነሳ ልጅ አግዳሚውን ፊት ለፊት ሲያይ ከቀኝ በኩል ይመጣል፤ በቀኝ የሚነሳ ከግራ። ለጀማሪ 8 እርምጃ ይበቃል፦ ሦስቱ ቀጥታ፣ አምስቱ በቅስት። ለግራ እግር እንለካ፤ ለቀኙ ገልብጡት። ከቀኙ ቋሚ ተነስታችሁ ከአግዳሚው ጋር ትይዩ ወደ ቀኝ 3 ሜትር ሂዱ። ከዚያ ነጥብ ቀጥ ብላችሁ ወደኋላ 7 ሜትር ስትሄዱ ቅስቱ የሚጀምርበትን ምልክት አድርጉ፤ 11 ሜትር ላይ የሩጫውን መነሻ። ቅስቱን ለመሳል ከግራው ቋሚ ትክክል 7 ሜትር ወደኋላ ቆማችሁ፣ 7 ሜትር ገመድ ይዛችሁ፣ ጫፉን በኖራ እያዞራችሁ መሬቱ ላይ አስምሩ። መስመሩ ከቅስቱ ምልክት ተነስቶ ከቀኙ ቋሚ ወደ ውስጥ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ከአግዳሚው ወዲህ 80 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ያደርሳችኋል። መነሻ እግር የሚያርፈው እዚያ ነው፤ በግምት አንድ ክንድ ሙሉ ሲዘረጋ አግዳሚውን ከሚነካበት ርቀት። እነዚህ ቁጥሮች መጀመሪያ ናቸው። ልጁ ሲፈጥን እርምጃው ስለሚረዝም መነሻውን ወደኋላ ግማሽ ግማሽ ሜትር እያራቃችሁ ሞክሩ፤ የቅስቱን ምልክት ግን አትንኩ። በውድድር ላይ ኖራ አይፈቀድም፤ ዘላዩ እስከ ሁለት ምልክት በፕላስተር ማኖር ይችላል።

ቅስቱ ለጌጥ አይደለም። በቅስት የሚሮጥ ሰው ሞተር ሳይክል ነጂ ሲታጠፍ እንደሚያደርገው ወደ ውስጥ፣ ከአግዳሚው ርቆ ያጋድላል። በዚያ ዘንበል እንዳለ እግሩን ሲተክል ሰውነቱ ቀና ይልና መዞሩን ራሱ ይጀምረዋል፤ ጀርባው ወደ አግዳሚው የሚገባው በዚህ ነው። ተማሪዎቻችሁ የሚያደርጉት ደግሞ ይታወቃል፦ የመጨረሻዎቹን ሁለት እርምጃዎች ቅስቱን ቆርጠው በቀጥታ ወደ አግዳሚው ይሄዳሉ። ዘንበሉ ይጠፋል፤ መዞሩን ለማምጣት ትከሻቸውን ወደ አግዳሚው ይወረውራሉ፤ ገና ሲወጡ በትከሻ ወይም በክንድ ይጥሉታል።

እነዚያን ሁለት እርምጃዎች ቀረብ ብላችሁ እዩ፤ ከማየትም ስሙ። ከመጨረሻው በፊት ያለው እርምጃ ረዘም ያለና ዝቅ ያለ ነው፣ ዳሌው ትንሽ ይወርዳል። የመጨረሻው አጭርና ፈጣን፤ እግሩ ሙሉ በሙሉ፣ ከተረከዙ ጀምሮ፣ ከሰውነቱ ቀድሞ ይተከላል። ድምፁ «ታ—ታም» ሳይሆን «ታታም» መሆን አለበት። ሁለቱ ድምፆች ከተራራቁ ልጁ በመጨረሻው እርምጃ ተዘርግቶ ራሱን አቁሞታል፤ የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው ወደ ላይ አይሄድም። በትልልቆቹ እግሩ መሬት ላይ የሚቆየው ከሰከንድ አንድ አምስተኛ በታች ነው። የተተከለው እግር ጣቶች የፍራሹን የሩቅ ጥግ ያመልክቱ። ከአግዳሚው ጋር ትይዩ ሆኖ የሚተከል እግር ቁርጭምጭሚት ያጣምማል፤ ይሄን አንድ ስህተት ካያችሁ ዝላዩን አስቁሙና በእርምጃ እያራመዳችሁ አርሙ።

አግዳሚውን ምን እንደጣለው ማየት ግማሽ ሕክምና ነው። ሲወጡ በትከሻ ወይም በክንድ ከጣሉት፦ ቀርበዋል ወይም ቅስቱን ቆርጠዋል። በመቀመጫቸው ከጣሉት፦ አገጫቸውን ቶሎ ወደ ደረት አምጥተው ዳሌያቸው ወድቋል፣ ወይም ርቀው ስለተነሱ ጫፍ ላይ የደረሱት ከአግዳሚው በፊት ነው። በተረከዝ ወይም በባት ከጣሉት፦ ዳሌው ካለፈ በኋላ ጉልበታቸውን ሳይዘረጉ ቀርተዋል። ይህ የመጨረሻው ቀላሉ ጥፋት ነው፤ ከሌሎቹ በፊት አታስተካክሉት።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ከ12 እስከ 15 ሙሉ ዝላይ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ያንኑ ቅስት እየሮጡ በመቀስ አዝልሏቸው፤ በቅስት በመቀስ ያላለፈውን ከፍታ በጀርባ የሚሞክር ልጅ ሩጫውን ገና አልያዘም። አግዳሚውን በላስቲክ ገመድ ብትተኩት ፍርሃቱ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ፍራሽ የለንም። ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ አምጥተን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተን ደርድረናል፤ አሸዋም አለ። ለጀርባው ዝላይ ይሆናል? — ከትምህርት ቤት ክበብ

መልስ፦ አይሆንም። ለመቀስ ዝላይ የተፈታ ሰጋቱራም ሆነ አሸዋ ይበቃል፤ ልጁ የሚያርፈው በእግሩ ነውና። በጀርባ የሚዘል ግን የሚያርፈው በላይኛው ጀርባውና በትከሻው ነው፤ የታጨቀ ከረጢት ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድንጋይ ነው፣ በከረጢቶቹ መካከል ያለው ስንጥቅም አንገት ይይዛል። በዚህ አንደራደርም።

በትልልቅ ውድድር ማረፊያው 6 ሜትር በ4 ሜትር፣ ከፍታው 70 ሳንቲ ሜትር ነው። ለትምህርት ቤት ከ5 በ3 ሜትር አትውረዱ። የአልጋ ስፖንጅ ፍራሽ ሰብስባችሁ የምትሠሩ ከሆነ ሁለት ነገር ይበላሻል፦ ፍራሾቹ ሲዘለልባቸው ይለያዩና ስንጥቅ ይከፍታሉ፤ ለስላሳው ስፖንጅ ደግሞ እስከ መሬት ይሰምጣል። ጠንከር ያለውን ከታች፣ ለስላሳውን ከላይ፣ መጋጠሚያዎቹን እንደ ጡብ እያፈራረቃችሁ ደርድሩና ሁሉንም በአንድ ሸራ ሸፍናችሁ ከዳር እስከ ዳር በገመድ እሰሩት። በፍራሹና በቋሚዎቹ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ተዉ፤ ፍራሹ ሲጨፈለቅ ወደ ጎን ይነፋና ቋሚውን ገፍቶ አግዳሚ ይጥላል፣ ጥፋቱም በልጁ ላይ ይጻፋል። ከዝናብ አድኑት፤ ውኃ የጠጣ ስፖንጅ አይመለስም።

ለአግዳሚ ከሲዳማ ደጋ የሚመጣ ቀርከሃ እንደሚጠቀሙ ጽፈውልናል። ቀጥ ያለ ከሆነ ይሠራል፤ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል፣ ስንጣሪው ጀርባ ይወጋል፤ ከዳር እስከ ዳር በፕላስተር ይጠቅለል። መሐሉ ይረግዳልና ስትለኩ ጫፉ ላይ ሳይሆን ዝቅ ያለው ቦታ ላይ፣ ከመሬት እስከ ላይኛው ገጽ ለኩ። በሕጉ መርገዱ ከ2 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። የብረት ቧንቧ በምንም ምክንያት አይሰቀል።

አስተራረፉም ይሠልጠን፦ አገጭ ወደ ደረት፣ እጅ ወደ ጎን፣ ጉልበት ገርበብ ብሎ። ጉልበቱን ገጥሞ የሚወድቅ ልጅ አፍንጫውን በራሱ ጉልበት ይመታል።

ጥያቄ፦ ልጄ 17 ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ 1.74። ቅርጫት ኳስ ይጫወታል፤ በቅርቡ 1.75 ዘለለ። «አጭር ነህ፣ ተወው» አሉት። ምን ትሉኛላችሁ? — እናት፣ ከአቶቴ

መልስ፦ እናታችን፣ ያሉት ሰዎች በከፊል ልክ ናቸው፤ መተዉ ላይ ግን አልተስማማንም። ቁመት የሚረዳው የሰውነት ሚዛን መሐል ሲነሳ ከፍ ብሎ ስለሚጀምር ነው፤ ያ መሐል ከቁመት ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ የ10 ሳንቲ ሜትር የቁመት ብልጫ በአግዳሚው ላይ የሚሰጠው 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ነው። ይሄ ቀላል አይደለም፤ ግን በር አይዘጋም። ስዊድናዊው ስቴፋን ሆልም ቁመቱ 1.81 ነው፤ በ2004 አቴንስ ላይ በ2.36 የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ፣ በ2005 ደግሞ በአዳራሽ ውድድር 2.40 ተሻገረ። አሜሪካዊው ፍራንክሊን ጃኮብስ ከልጅዎ አንድ ሳንቲ ሜትር ያንሳል፤ በ1978 በ1.73 ቁመቱ 2.32 ዘለለ። ሁለቱም ከራሳቸው በላይ 59 ሳንቲ ሜትር።

ቅርጫት ኳሱ አይጎዳውም። የባሃማሱ ዶናልድ ቶማስ ከቅርጫት ኳስ ሜዳ መጥቶ ከፍታ ዝላይን በጀመረ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በ2007 ኦሳካ ላይ በ2.35 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ነገር ግን ልኩን ይወቁት፦ ለፓሪስ ኦሎምፒክ የቀጥታ መግቢያው 2.33 ነበር። ከ1.75 እስከዚያ ረጅም መንገድ ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ግብ 1.90 ቢሆን ይበቃል። ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለው አጥንት ላይ ያመኛል ካለ ዝላዩን ቀንሱለት፤ በዚህ ዕድሜ አጥንቱ ገና እያደገ ነው፣ ቅርጫት ኳሱና ዝላዩ በአንድ ሳምንት ሲደራረቡ የሚጎዳው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ እዚህ ከፍ ብሎ ይዘለላል? — ከአላሙራ

መልስ፦ በተግባር ለውጥ የለም። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ የመሬት ስበት የሚቀንሰው ከሺህ ግማሽ ያህል ነው። ሰውነቱን 1 ሜትር የሚያነሳ ዘላይ በዚህ የሚያተርፈው ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፍታ የሚመዘገበው ደግሞ በሙሉ ሳንቲ ሜትር። የስስ አየር ጥቅም በፍጥነትና በርቀት ላይ ነው፤ ቦብ ቢሞን በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ፣ 2,240 ሜትር ላይ፣ ርዝመት 8.90 የዘለለው በዚያም ጭምር ታግዞ ነው። ከፍታ ዘላይ በሰከንድ 8 ሜትር ገደማ ለጥቂት እርምጃ ብቻ ይሮጣል። የኩባው ሃቪየር ሶቶማዮር 2.45 ከ1993 ጀምሮ ያልተነካ የዓለም ክብረ ወሰን ነው፤ የተዘለለው በስፔኗ ሳላማንካ፣ ከሐዋሳ በግማሽ ዝቅ ባለ ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ በጀርባ መዝለል ግዴታ ነው? — ከአሞራ ገደል

መልስ፦ አይደለም፤ በአንድ እግር ከተነሱ በሆድ ቢያልፉም ሕጉ ግድ የለውም። ዲክ ፎስበሪ በ1968 ሜክሲኮ ላይ በጀርባው 2.24 ዘሎ ሲያሸንፍ ሌሎቹ አግዳሚውን በሆዳቸው እየታጠፉ ነበር የሚያልፉት። ከእሱ አሥር ዓመት በኋላም፣ በ1978፣ ቭላድሚር ያሽቼንኮ በዚያው በአሮጌው ስልት 2.34 ዘሎ ክብረ ወሰን ሰብሯል። በጀርባ መዝለል ያሸነፈው ለመማር ስለሚቀልና ፈጣን ሩጫን ስለሚጠቀም ነው፤ ከፍ ያለ የስፖንጅ ፍራሽ ባይመጣ ኖሮ ደግሞ ማንም አይደፍረውም ነበር።

ጥያቄ፦ ዘላዩ ቆሞ ሲያጨበጭብ፣ ሲያስጨበጭብ፣ ስንት ደቂቃ ይፈቀድለታል? ጫማውስ ልዩ ነው? — ከገበያ ዳር

መልስ፦ ከሦስት በላይ ተወዳዳሪ ሲቀር 1 ደቂቃ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሲቀሩ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ፤ ያው ሰው በተከታታይ ሲዘል 2 ደቂቃ፤ ብቻውን የቀረ አሸናፊ 3 ደቂቃ። ጭብጨባው ከዚያው ሰዓት ይቆረጣል፤ ሰዓቱ ሳያልቅ መንደርደር ከጀመረ ግን ሙከራው ይያዝለታል።

ጫማው አዎን፣ ተረከዙ ላይም ሹል ብረት አለው፤ የሯጮቹ ያለው ፊት ለፊት ብቻ ነው። ምክንያቱ የመጨረሻው እርምጃ በተረከዝ መተከሉ ነው። ብረቶቹ ከ11 አይበልጡም፣ ርዝመታቸውም ከ12 ሚሊ ሜትር። ከገበያ የምትገዙት ያገለገለ ጫማ የሯጭ ከሆነ ደረቅ ሜዳ ላይ ይሠራል፤ በረጠበ ሜዳ ቅስቱ ላይ ተረከዙ ይንሸራተታል፣ ያን ዕለት በመቀስ ብቻ ዝለሉ።